ጎዶሎ ወርቅ

"አጥፋው! ገና አራት ደቂቃ ይቀረዋል!"

ቪስዋሊንጋም የለኮሰውን የጋዝ ነበልባል መልሶ አጠፋና ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ። ሳሎኑ ውስጥ የታጨቀው ሃያ ሰው መልካሙ ሰዓት እስኪደርስ የግድግዳው ሰዓት ላይ አፍጥጧል። ኮርኒሱ ላይ ያለችው ጭስ ጠቋሚ በገላ መታጠቢያ ቆብ ተሸፍናለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤት ይህን ረስቶ፣ በልጁ ወርቅ ማቅለጫ ቀን የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሻይ ሲጋብዝ ውሏል።

የጮኸችበት የሙሽራው እናት ፑኒታም ናት። ከአገሩ ተሰዶ ስካርቦሮ ከተማ የሚኖር ታሚል ሁሉ "አካ" ነው የሚላት፣ ታላቅ እህት እንደማለት። የማን ሠርግ በየትኛው አዳራሽ እንደሚሆን፣ ምግቡን ማን እንደሚያበስል፣ ወርቁን ማን እንደሚሠራ የሚወሰነው በእሷ አፍ ነው። ቪስዋሊንጋም ከአንድ የሳሪ ሱቅ ጀርባ ተከራይቶ የሚሠራ አንጥረኛ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራውን የበላው በዚያችው አፍ ነው።

ዛሬ የሚቀልጠው ወርቅ ታሊ ይሆናል፤ ልጇ ኒሻንታን በሠርጉ ቀን በሙሽራዋ አንገት የሚያስረው። ወርቁ አንዲት አሮጌ የወርቅ ሳንቲም ናት። ከእርድና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር በትሪ ሆና ከሰው ሰው ትዞራለች፤ እያንዳንዱም ነክቶ ይመርቃታል።

ትሪው ወይዘሮ ላም ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ወይዘሮ ላም የሙሽራዋ እናት ናት፤ ቻይናዊት። ሙሽራዋ ካያን በዚህ ቀን እዚህ ቤት ድርሽ እንዳትል ደንቡ ስለሚከለክል፣ እናቷ ብቻ በክብር ተጠርታለች። ሳንቲሟን አነሳችና አገላብጣ አየቻት።

"ስንት ካራት ናት?" አለች በእንግሊዝኛ።

"ሃያ ሁለት" አለ ቪስዋሊንጋም።

"ሁለቱስ የት ገባ?"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"መዳብ ነው እመቤቴ። ወርቁን እንዲያጠነክረው ነው።"

"እኛ ይኼን ወርቅ አንለውም።" ሳንቲሟን ትሪው ላይ ወርወር አደረገቻት። "ጎዶሎ ወርቅ በልጄ አንገት አይንጠለጠልም። እናቴ ከመቃብሯ ትፋረደኛለች።"

ከቦርሳዋ ቀይ ፖስታ፣ ከፖስታው ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ ሳንቲም አወጣች። በሁሉ ፊት ጠርዙን ነከሰችና የጥርሷን ምልክት እያዞረች አሳየች። "አያችሁ? ሃያ አራት! ንጹሕ ወርቅ ጥርስ ሲያርፍበት ይቀበላል።"

ፑኒታም ትሪው ላይ የወደቀችውን ሳንቲም አየቻት። በጦርነቱ የትውልድ ከተማቸው ጃፍና በመድፍ ሲደበደብ እናቷ በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ ያወጣቻት ናት። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ የጆሮ ጌጡ ተሸጠ፣ የአባቷ ሰዓት ተሸጠ፤ ሳንቲሟ ግን ለልጅ ልጅ ሠርግ ናት ተብላ በረሃብ ቀን እንኳ አልተነካችም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ይቺ ግን በሃያ ሰው ፊት መዳብ ተብላ ተሰደበች።

"አማ፣ ምን ቸገረን?" አለ ኒሻንታን ለእናቱ፣ አንገቱን ደፍቶ። "ወርቅ ወርቅ ነው።"

ፑኒታም ፈገግ ያለችው ያኔ ነው።

"ልክ ነዎት እህቴ" አለች። "ለልጅዎ ንጹሑ ይሁንላት። ታምቢ፣ ና እስቲ ለሥርዓቱ የሚሆን ሎሚ ልስጥህ።"

ታምቢ ማለት ታናሽ ወንድም ነው። ቪስዋሊንጋምን እንዲህ ብላ ስትጠራው አንድ የምታዘው ነገር አለ ማለት ነው። ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ፤ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

"የእሷን ትሠራለህ። አንዲት ቅንጣት መዳብ እንዳታስገባበት።"

"አካ፣ ንጹሕ ወርቅ እኮ ሊጥ ማለት ነው። ማንጠልጠያው ዓመት አይቆይም፤ ይከፈትና ይወድቃል።"

"ወርቅ ቤት ነው ያደግሁት። አውቃለሁ።"

"ሲወድቅ ምን እንደሚባልም ያውቃሉ።"

"ባላውቅማ ምን አደከመኝ?" ሎሚውን ለሁለት ሰነጠቀችው። "ታሊዋ ወደቀ፣ ባሏን ልትቀብር ነው ይባላል። ልጄ ጉንፋን በያዘው ቁጥር እሷን እያየ ይሰጋል። ከዚያ ማንም ሳይጠራው ወደ እናቱ ቤት ይመጣል።"

"ልጅቷ ምን አደረገች?"

"ምንም። ያደረገችው እናቷ ናት። እናትን ደግሞ የሚያማት በልጇ ሲመጡባት ነው። በል ውጣ፣ ሰዓቱ ደረሰ።"

ቪስዋሊንጋም ወጥቶ ነበልባሉን ለኮሰ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ታናሽ እህቱ ከጉድጓድ ውሃ ስትቀዳ ታሊዋ ተበጥሶ ገባባት። በሦስተኛው ወር ባሏን መኪና ገጨው። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ባሏን የበላች ተብላ ከየሠርግ ቤቱ ደጃፍ ስትመለስ ኖራለች። ወርቁ ቀልጦ ክብ ሲሠራ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወይዘሮ ላምም አጨበጨበች።

ማታ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ከቀለጠው ወርቅ ለታሊው የሚበቃውን ቆረጠ። ከዚያ ላይ ጥቂት ቀነሰና በምትኩ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ ጨምሮ እንደገና አቀለጠው። የቀነሳትን ወርቅ ከተረፈው ጋር አንድ ላይ በጨርቅ ቋጠራት። ማንጠልጠያውን ሁለት ጊዜ በየደው፤ በሬ ቢጎትተው አይከፈትም። በመጨረሻ ታሊውን ገልብጦ ከአባቱ የወረሳትን ምልክት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅጠል፣ ጀርባው ላይ መታባት። ያለዚያች ቅጠል ከእጁ የወጣ ጌጥ የለም።

"እንዳልኩህ ነው?" አለች ፑኒታም በማግስቱ ታሊውንና ቋጠሮውን ስትቀበለው።

"እንዳሉኝ ነው አካ።"

ቋጠሮውን ሳትፈታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሦስት ሴቶች ሱቁ ገቡ፤ ፑኒታም፣ ወይዘሮ ላምና ካያን። ወይዘሮ ላም ታሊውን ለወንድሟ ላሳየው ብላ ተውሳው ነበር። ወንድሟ ማርካም ከተማ ውስጥ ወርቅ ቤት አለው፤ ወርቅ ቤቱ ደግሞ መመርመሪያ ማሽን አለው። ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት የሥራ ጠረጴዛው ላይ መታችው።

"ሃያ ሁለት! ሌባ! ወርቄን ሰርቀህ መዳብ ሞላህበት!"

"አልሰረቅሁም። የቀነስኳትን ከተረፈው ጋር ቋጥሬ መልሻለሁ። አካ ያውቃሉ።"

ፑኒታም አየችው። ያደረገውን፣ ለማን ብሎ እንዳደረገውም ወዲያው ገባት። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች።

"እኔ ሚዛን የለኝ፤ የሰጠኸኝን ተቀበልኩ" አለች በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "እንደ ወንድሜ አምኜህ!"

"መዳቡን የጨመርኩት እንዲጠነክር ነው። ንጹሑ..."

"ሌባ መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል?" አለች ወይዘሮ ላም።

ፑኒታም ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ በታሚል፣ በቀስታ ተናገረች። "ታምቢ፣ ከፊታችን አሥራ አንድ ሠርግ አለ። ወርቁን ለማን እንስጥ እያሉ የሚጠይቁኝ እናቶች ናቸው። ምን ልበላቸው?"

ቪስዋሊንጋም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው። ይህች ሴት ታሊው እንዲወድቅ ትፈልጋለች ቢል ይበቃል። ግን ሌባ የተባለ ሰው የሚናገረውን ማን ያምናል? ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቀና ሲል ካያን ቆማለች፣ በድንጋጤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። የተዋረደው ለእሷ ሲል ነው፤ እሷ ግን አታውቅም። በዚያች ደቂቃ እሷንም ጠላት።

"ሌላ ሳንቲም አምጡ" አለ።

ወይዘሮ ላም ይዛ ነበር የመጣችው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስልኳን ደግፋ እጁን ትቀርጽ ጀመር። አቀለጠ፣ ቀጠቀጠ፣ ሞረደ። ንጹሑ ወርቅ በመዶሻው ሥር ያለ አንዳች ተቃውሞ ይተኛል። ማንጠልጠያው በሁለት ጣቱ ሲነካው እንኳ ጎበጥ አለ፤ ማንም ሳያየው አቃናው። ሥራው ሲያልቅ ወይዘሮ ላም ረካችና መኪናዋን ልታሞቅ ወጣች። ፑኒታም በሩ አጠገብ ቆማ ሻርፗን ታስተካክላለች።

ካያን ጎንበስ አለች። "አጎቴ፣ ይቅርታ። እናቴ ስትቆጣ አፏን አትይዝም።"

"ግድ የለም።"

"ይጠነክራል አይደል? ሆስፒታል ነው የምሠራው። በሽተኛ ሳነሳ አንገቴን ይዞ ነው የሚነሳው። ኒሻንታን ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ አይወልቅም ብሎኛል።"

የፑኒታም እጅ ሻርፗ ላይ ቆመ። ቪስዋሊንጋም ወደ እሷ አላየም።

"ይጠነክራል፣ ልጄ።"

ካያን ደስ አላትና ታሊውን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። "ቅጠሏስ? የበፊቱ ጀርባ ላይ ትንሽ ቅጠል ነበረች። ወድጃት ነበር።"

የቅጠሏ ማተሚያ ብረት ከእጁ አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ምት ብቻ ነው የሚፈልገው።

"ንጹሕ ወርቅ ምልክት አይዝም" አላት፤ ብረቱንም አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቆለፈበት።