የምሰሶው ዕድሜና የቤቱ ዕድሜ

ታላቅ ወንድሟ ቤተ ሙከራው ሲገባ ሰላም አላላትም። መቼ ብሏት ያውቃል! ቁፋሮውን የሚመራው እሱ፣ የሚወጣውን ነገር ዕድሜ የምትለካው እሷ በመሆኗ ይገናኛሉ እንጂ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል።

በቴሌቪዥን ቀርቦ «ያገኘነው ከተማ ሦስት ሺህ ዓመቱ ነው» ካለ ወዲህ ባልደረቦቹ በሌለበት «ሦስት ሺህ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ማስረጃው ከተቃጠለ ምሰሶ የተወሰደ ከሰል ነበር። ከሰሉን ራሷ ለክታዋለች፤ እውነትም ሦስት ሺህ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ግን ዛፍ ጉደኛ ነው፤ መሃል ግንዱ ከሞተ በኋላ በቅርፊቱ በኩል ብቻ እያደገ ብዙ መቶ ዓመት ይቆማል። ተቆርጦ ምሰሶ ከሆነም በኋላ፣ ቤት ፈርሶ ቤት ሲሠራ ያው ምሰሶ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ገብስ ግን የአንድ ክረምት እንግዳ ነው። ከዚያው ቤት ምድጃ ከተገኙት ሁለት ያረሩ የገብስ ፍሬዎች አንዷን ስትለካት ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላትም።

«የከሰሉን ብቻ ፈርመሽ ስጪኝ» አላት። «ነገ የምሁራኑ ጉባኤ ፊት እቀርባለሁ።»

«ጋሼ፣ የቆፈርከው ቤት ነው እንጂ ዛፍ አይደለም።»

«ቂምሽ ነው የሚያናግርሽ! አንዲት ፍሬ ምን ታስረዳለች? አይጥ ጎትታ ያስገባቻት ብትሆንስ?»

በዚህስ አልዋሸም፤ አንዲት ልኬት ሁሌም ታከራክራለች። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ሁለተኛዋን ፍሬ ከነብልቃጧ አወጣች።

«ይቺን አብረን እንለካት። ከተሳሳትኩ ጉባኤው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱም በቴሌቪዥን ያለውን መመለስ እንደማይችል ያውቃል። ብልቃጧን ተቀብሎ ፍሬዋን መዳፉ ላይ ገለበጣትና ዐይን ዐይኗን እያየ በአውራ ጣቱ አሻት። ያረረ ገብስ ምን አቅም አለው፤ ወዲያው ጥቀርሻ ሆነ። እጁን በእህቱ ነጭ ጋዋን እጅጌ ጠረገ።

«አሁን ያንቺ ቃልና የእኔ ቃል ብቻ ቀረ።»

ያቺን ፍሬ የሚተካ በዓለም ላይ የለም። ባዶዋን ብልቃጥ ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ‹በምሰሶ ተሳስቷል› ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው፣ አያሳፍርም። ለካ ታውቅ ኖሯል!»

በሩን ከፈተችለት።

«ነገ ጉባኤው ላይ እመጣለሁ» አለችው። «ይሄን ጋዋን ከነጥቀርሻው ለብሼ።»