በሦስት ቮልት የሚሠራው ቺፕ

ሰገን ወረታ ከተማ ፊዚክስ ታስተምራለች። ባሏ አያልነህ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አማቷ አቶ ዘመነ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሩዝ ያመርታሉ፣ ከብት ያረባሉ። ባለፈው ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ጥማድ በሬዎቻቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃውን ሊጠብቁ ወንዙ ዳር በቀለሷት ጎጆ ያድራሉ። ሳል ያዛቸው።

ሰገን ውሃው ከፍ ሲል አማቷ ስልክ ላይ የሚደውል ዕቃ ልትሠራላቸው ተነሣች። እንዲህ ያለ ነገር መነካካት ትወዳለች። አእምሮው በሦስት ቮልት የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበር፤ የሚደውለው ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተገኘ ሞደም። ሞደሙ በአሥራ ሁለት ቮልት ነው የሚነጋገር። በቀጥታ ስታገናኛቸው ሰሌዳው ጨሰ። ሰሌዳውን በሌላ ተካችው፤ መሃል ገብቶ ቮልቱን የሚያስማማ ቺፕ ያስፈልግ ነበር።

ባሕር ዳር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጠው አዛናው ሰው ሁሉ የሚገዛውን ላከላት። ያ ቺፕ አምስት ቮልት ይፈልጋል። ሰገን ቮልቱን የሚጨምር ዕቃ አከለችለት፣ ወደ ሰሌዳው የሚመለሰውን ደግሞ በሬዚስተር ቀነሰች። ጠረጴዛዋ ላይ በደንብ ሠራ። ወንዙ ዳር ሲተከል ግን ባትሪው ቶሎ አለቀ። ቺፑ ሥራ ፈትቶም ይበላል፤ ሰማዩ በደመና ስለተሸፈነ ደግሞ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳው ባትሪውን አይሞላውም።

«በሦስት ቮልት የሚሠራ አለ አይደል?» ብላ አዛናው ጋ ደወለች።

«አለ። ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚሰኩበት እግራቸውም አሥራ ስድስት ነው» አላት አዛናው።

«እግሩን አይደለም የምፈልገው።»

በሚኒባስ የላከላት ያንኑ የአምስት ቮልቱን ነበር። ሰገን ፖስታውን ከፍታ አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሚታረም ፈተና ተከምሯል። መናደድ እንኳ አቃታት።

በገበያ ቀን አቶ ዘመነ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ። ጠረጴዛው ላይ የተበታተነውን ሽቦ አዩ።

«ልጄ፣ ተይው በቃ። እኔው እያደርሁ አየዋለሁ» አሉ። ሳሉ አቋረጣቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያልፍላቸው ጠበቁ።

«እሺ አባባ፤ ይቀመጡ» አለች ሰገን። ልትተወው ቆርጣ ነበር፤ ሳሉን ስትሰማ ግን አልሆነላትም።

ቅዳሜ ባሕር ዳር ሄደች። ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ጎማ ቀይሮ፣ ስትደርስ ረፋዱ አልፏል። አዛናው የቺፕ ሳጥኑን አቀረበላት። በስልኳ ካሜራ እያጎላች የእያንዳንዱን ቺፕ ጀርባ አነበበች። የአምስት ቮልቱና የሦስቱ ተቀላቅለዋል፤ የሚለያቸው ቁጥሩ ብቻ ነው።

«ይሄን ሁሉ ልታዪው ነው?» አለ አዛናው።

«ምን ላድርግ?»

ሁለት አገኘች። እዚያው በሦስት ቮልት አስሞከረችና ጣቷን ጫነችባቸው። አንዱ ወዲያው ጋለ፤ አስመስለው የሠሩት ነበር። ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ቆየ። እሱን ገዛች።

በማግስቱ ከአማቷ ጋር ወንዙ ዳር ምሰሶ ላይ ተከሉት። የወንዙ ዳር ጭቃ ጫማዋን አስቀረባት፤ በባዶ እግሯ ተመለሰች። አቶ ዘመነ ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ማደር ጀመሩ፤ ባትሪውም አላለቀም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሰገን ክፍል ውስጥ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት እየሰጠች ሳለች፣ ስልኳ ጠራ። አማቷ ናቸው።

«ደወለ!» እየጮሁ ነበር። «ከብቶቹን ከፍ ወዳለው አወጣናቸው፣ ጎረቤቱም አወጣ። አንድም አልቀረ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ደኅና ነኝ። ግን…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ዕቃሽን ወንዙ ከነምሰሶው ወሰደው። አየሁት፤ ልደርስበት አልቻልሁም።»

ሰገን ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ሁሉ ድካም ወደ ጣና እየሄደ ነበር።

«ይሂድ፣ አባባ» አለች። «አሁን የትኛውን እንደምገዛ አውቃለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ተማሪዎቿ ያዩዋታል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና መጽሐፋቸውን እንዲገልጡ ነገረቻቸው።