የቪትዟ የኋላ ወንበር

ባምላክ የልብስ ሰፊ ሜትር ከኪሱ አውጥቶ በሕፃን መቀመጫው ወርድ ላይ ሲዘረጋ ባለሱቁ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ሱፍ ልታሰፋለት ነው እንዴ?»

«ስፋቱን ነው የምፈልገው።»

«ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ቀለሙን ነው። ሜትር ይዞ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ባለሱቁ ሕዝቅኤል ይባላል፤ ከጊዮርጊስ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሕፃናት ዕቃ ይሸጣል። ያወረደለት ሰማያዊ የመኪና መቀመጫ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ፣ በሁለቱም ጎኑ የጠርሙስ ማስቀመጫ የወጣለት ነበር። ባምላክ ለካውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህን ሦስት ብገዛ የመኪናዬ በር አይዘጋም።»

«ሦስት? አንተ ገና ልጅ አይደለህ እንዴ! ሦስት ወለድህ?»

«አንድ ነው ያለኝ። ሁለቱ እየመጡ ነው።»

«መንታ! ኧረ እንኳን ደስ ያለህ! ቆይ፣ ጠበብ ያለ ከኋላ አላጣም።»

ባምላክ አላረመውም። ሰውየው ደስ ብሎት ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጠርቶ ለማስረዳት አቅም አጣ።

እየመጡ ያሉት ሁለቱ የእህቱ የየብርጓል ልጆች ናቸው። የብርጓልና ባሏ አስናቀ ነሐሴ ላይ ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር ሲመጡ መኪናቸው በዝናብ ተንሸራትታ ውሃ የሞላው ቦይ ውስጥ ገባች። አስናቀ እዚያው ሞተ። ከኋላ ያለ ቀበቶ ተቀምጠው የነበሩትን ልጆች በአቅራቢያው ያርሙ የነበሩ ገበሬዎች በመስኮት ስበው አወጧቸው። የብርጓል ግን ቀበቶ አስራ ነበርና ቀበቶው አልፈታ አለ። የሚቆርጡበት ማጭድ እስኪመጣ ውሃው ቀደማቸው። የስድስት ዓመቷ ዜማ ከቦዩ ዳር ቆማ ሁሉንም አይታለች። ታናሽ ወንድሟ ኪዲ ገና ዓመት አልሞላውም።

ለዜማ መርዶ የነገራት የለም። ሽማግሌዎቹ ለልጅ አይነገርም አሉ። አባትሽ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል፣ እናትሽ ታማ ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ጸበል ገብታለች ተባለች። ክፋት አልነበረበትም፤ ስታድግ ቀስ ብላ ትደርስበታለች ብለው ነው። ባምላክም የተሻለ ሐሳብ ስላልነበረው እንደ ሌላው ሰው ያንኑ ነገራት። ክንዷ ተሰፍቶ ከሆስፒታል ስትወጣ ጥቂት ቀን ባሕር ዳር እሱ ቤት ቆይታ ነበር። ሐይቁ ዳር ወስዶ አናፈሳት፤ እናትሽ ከማዶ ጸበል ናት፣ እውነቴን ነው አላት። ጀልባ ሲጠጋ፣ ሰው ሲወርድ አየች፤ እናቷን ግን አልጠየቀችም። «አምናለች» አለች ሚስቱ አደይ ያን ቀን። ባምላክም ያመነች መሰለው።

ከአርባው በኋላ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ስለ ልጆቹ ተነጋገረ። ልጆቹን ዱርቤቴ ይዘው የቆዩት የአስናቀ እናት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል፤ ሕፃን አንስቶ ማዘልም አቅቷቸዋል።

«ውሰዳቸው» አሉት ባምላክን። «ግን ሁለቱንም አንድ ላይ። ነጥለን ካሳደግናቸው ወንድምና እህት መሆናቸው ይቀራል። አልችልም ካልህ የኪዲ የክርስትና አባት ከሐይቁ ማዶ ከይፋግ ሕፃኑን ስጡኝ እያለ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ይመጣል፤ ቃል ሰጥቼዋለሁ። ዜማ እኔው ዘንድ ትቆያለች።»

«ሁለቱንም እወስዳለሁ፣ እማሆይ።»

አደይ እሺ ያለችው አንድ ነገር አስጠንቅቃ ነው። «ካመጣናቸው በእቅፍ የሚሄድ ልጅ አይኖርም። አንድም። አምሐም ቢሆን።» አምሐ የሦስት ዓመት ልጃቸው ነው፤ እስከዚያ ድረስ እናቱ ጭን ላይ ነበር የሚሄደው። ጠዋት ጠዋት አንዷን ትምህርት ቤት፣ ሁለቱን የሕፃናት ማዋያ አድርሰው ወደ ሥራ ሊሄዱ የሚችሉት ደግሞ በዚችው በአንዲት ትንሽ ቪትዝ መኪናቸው ነው።

ባምላክ ኮሌጅ ውስጥ ቅየሳ ያስተምራል። መሬት የለካ ሰው የመኪና ወንበር አያቅተውም ብሎ ነበር የጀመረው። ሽምብጥ ሰፈር ካለው የኪራይ ቤታቸው ግቢ ሆኖ፣ ሕዝቅኤል ዘንድ እየተመላለሰ መቀመጫ ሲቀይር ሰነበተ። የዜማ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ በትከሻ ላይ የሚያልፍ ቀበቶ ይፈልጋል፤ የመሐሉ ቀበቶ ግን ወገብ ብቻ ነው የሚያስረው። ስለዚህ ዜማ የግድ በመስኮት በኩል መሆን አለባት። ኪዲ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚተኛበት መቀመጫ ደግሞ ርዝመት ይወስዳል። ከሾፌሩ ኋላ ሲያደርገው መሪው ደረቱን ነካው። ከአደይ ኋላ ሲያደርገው የእሷ ጉልበት ከፊቷ ካለው ሳጥን ጋር ተላተመ።

«እኔ እችለዋለሁ» አለች። «አንተ ብቻ መሪህን በደንብ ያዝ።»

መሐሉ ለአምሐ ቀረ። ለእሱ ሕዝቅኤል ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ፣ ክንፍም ጠርሙስ ማስቀመጫም የሌለው፣ እንደ ጣውላ የጠበበ መቀመጫ ተገኘለት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ገቡ። በሮቹ ተዘጉ። አደይ አጨበጨበች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ በዜማ መቀመጫና በአምሐ መቀመጫ መካከል እጇን ሰደደች።

«የዜማ ቀበቶ መቆለፊያ የት ገባ?»

«ታች ነው። ጣትሽን ሸርተት ስታደርጊ ታገኚዋለሽ።»

ሞከረች፤ በግድ አገኘችው። «ለመፍታት ያስቸግራል።»

«እኛ እንፈታላታለን።»

ሌላ የሚጠብ መቀመጫ ባሕር ዳር ውስጥ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ነገሩ በዚሁ አለፈ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዱርቤቴ ደረሱ። ዜማ ሹሩባ ተሠርታ፣ ልብሷ በፌስታል ታስሮላት ደጃፍ ላይ ትጠብቃቸው ነበር። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ። አደይ ኪዲን ተቀብላ ቦታው ላይ አስተኛችው፤ ደረቱ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች ቆለፈች። ሕፃኑ ጣቱን እየጠባ ዝም አለ። አምሐ ከመሐል ሆኖ ይጮሃል።

«ዜማ ነይ! ከኔ ጎን ነሽ! ይኸውልሽ፣ ያንቺ ቀይ ነው!»

ዜማ ፈገግ አለች። ገብታ ተቀመጠች። ባምላክ ቀበቶውን በትከሻዋ አሳልፎ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ቆለፈው። ቋ አለ። ልጅቷ ወደ ድምፁ ዞረች።

«ጋሼ፣ ፍታው።»

«ምነው? ጠበቀሽ?»

«አልጠበቀኝም። ፍታውና ልየው።»

ባምላክ እጁን መለሰ። ቅዳሜ የሞከሩት ባዶ መቀመጫ ነበር። አሁን አምሐ ሲቀመጥበት መቀመጫው ተጭኖ መቆለፊያውን ወደ ታች ውጦታል። በጣቱ ጫፍ ነካው፤ ሊጫነው ሲል አመለጠው።

«አምሐ፣ እስቲ ከፍ በል።»

«ታስሬያለሁ እኮ፣ አባዬ።»

«አደይ፣ በዚያ በኩል መቀመጫውን ሳቢልኝ እስቲ። አይ፣ ወደ አንቺ!»

አደይ ሳበች። ዜማ የባምላክን እጅ ብቻ እያየች ነበር፤ ትንፋሿ እያጠረ ሲሄድ ጆሮው ሥር ይሰማዋል። በመጨረሻ ቋ ብሎ ተፈታ። ልጅቷ ቀበቶውን ከላይዋ አነሳች፣ ወረደች፣ ከመኪናዋ ራቅ ብላ ቆመች።

«ዜማዬ» አለ ባምላክ ቁጢጥ ብሎ፤ «ዛሬ ብቻ ነው የተያዘው። አስተካክለዋለሁ። ቀበቶ ጥሩ ነገር ነው፤ መኪና ሲጋጭ ሰው እንዳይወድቅ ይይዛል።»

«እማዬንም ያዛት።»

አደይ እስከዚያ ይዛው የነበረውን መቀመጫ ለቀቀች።

«ጸበል አይደለችም» አለች። «ሰውየው ‹ማጭድ! ማጭድ አምጡ!› እያለ ሲጮህ ሰምቻለሁ። እጇ መስኮቱ ላይ ነበር።»

«ዝም በይ ልጄ! ኧረ በእመቤቴ!» አሉ እማሆይ። «ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር ያስተማረሽ?»

ባምላክ ተነሣ። እማሆይን አየ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ተመለሰ።

«እውነቷን ነው፣ እማሆይ። ዜማ፣ እናትሽ ሞታለች። አባትሽም። ዋሽተንሻል።»

እማሆይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንግዲህ ስሚኝ። ያን ቀን ውሃ ስለነበረ ነው። ብዙ ጊዜ ቀበቶ ሰው ያድናል። አሁን እውነቴን ነው የምነግርሽ።»

«ያኔም ጀልባው ጋ እውነቴን ነው ብለኸኛል።»

አደይ ከመኪናው ማዶ «ሳትታሰር ትሂድ» አለች ቀስ ብላ። ይህን ከአፏ ለማውጣት ምን ያህል እንደከበዳት ባምላክ ያውቃል። «ዛሬ ብቻ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ሰማሽ? አንቺን አናስርሽም።»

«ኪዲስ?»

«ኪዲ ሕፃን ነው፣ ካልታሰረ…»

«እንግዲያ እሱም አይሄድም።»

«ቆይ፣ ቆይ። አደይና አምሐ በመኪናው ይሂዱ። አንቺና ኪዲ ከኔ ጋር በሚኒባስ ትሄዳላችሁ። አቅፋችኋለሁ። ቀበቶ የሚባል ነገር የለም።»

«ትዋሻለህ። መናኸሪያ ስንደርስ ታስረዋለህ።»

ዞራ በማዶው በር ገባች። ጉልበቷን አደይ ወንበር ላይ አስደግፋ፣ በሁለት አውራ ጣቷ የወንድሟን መቆለፊያ ተጫነች። ለትንሽ ጣት እንዳይከፈት ሆኖ ነው የተሠራው። ደግማ ተጫነች፤ ፊቷ ቀላ፤ ማሰሪያውን በጥርሷ ያዘችው። ኪዲ ደንግጦ ጮኸ። አምሐም እሷን እያየ ጮኸ። አደይ ወገቧን ይዛ ልታወርዳት ሞከረች፤ ልጅቷ ግን «ማጭድ አምጡ!» አለች። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም ነበር።

«ተያት» አሉ እማሆይ። «አቶ ባምላክ፣ ልጁን ፍታ።»

አቶ ብለውት አያውቁም። ባምላክ ጎንበስ ብሎ ፈታው። ኪዲን አንሥቶ ሊያቅፈው ሲል ዜማ ቀማችው። ከብዷት ወደ ኋላ እየተንገዳገደች፣ እግሩ መሬት እየነካ፣ ይዛው ወደ ቤት ሮጠች።

«ለጊዜው ትረጋጋ» አለ ባምላክ። «በሚመጣው እሑድ ተመልሼ…»

«ና። እኔ አልከለክልህም። ግን ልጅቷን አስሬ አልሰጥህም፤ አንተም አስረህ አትወስዳትም። ለሚካኤል ያ ሰው ከይፋግ ሲመጣ ደግሞ ቃሌን ላጥፍ አልችልም። የክርስትና አባቱ ነው። አንተ ሁለቱንም እወስዳለሁ ስላልህ ነበር ቆይ ያልሁት።»

«ኪዲን ብቻውንም ቢሆን ለእኔ…»

«ብቻውን ከሆነማ አንተና ያ ሰው በምን ትለያያላችሁ?»

ይህ ትክክል ነበር፤ ቢያንስ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ባምላክ ማሳየት አልቻለም። ልጅቷ ወንድሟን ከሞት አወጣሁት ብላ ይዛው ገብታለች። በዚያው ለሚካኤል እንደምታጣው የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል፤ ነገሩ ግን ከእሱ አፍ ከወጣ ሌላ ውሸት ይመስላታል።

ሄዶ በሩን ገፋ። ከውስጥ በመወርወሪያ ተቆልፏል።

«ዜማ፣ እኔ ነኝ። እንሄዳለን።»

ከውስጥ ኪዲ ሲነፋረቅ፣ እሷም እሹሩሩ ስትለው ይሰማል። ማባበሏን ሳታቆም መለሰችለት።

«ሂዱ።»