ቃላቸው አልተገናኘም

«ሐዘንተኛ እንዴት በር ላይ ይቀመጣል? ግቢ ወደ ውስጥ!» አለቻት ጎረቤቷ ባለሱቋ፣ የሻይ ትሪውን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ።

«እዚህ ይሻለኛል» አለች ባሏ የሞተባት ሴት።

በሩ ሥር የተቀመጠችው ለአየሩ ብላ አልነበረም። ትናንት ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ አንዷ ለቀስተኛ ለሌላዋ፣ «ወይ ጉድ! የወረቀት ባልም እንዲህ ይለቀስለታል?» ስትል ሰምታለች። ሌላዋም፣ «ተይ፣ የሞተ አይታማም» ብላ ገሠጸቻትና ወዲያው ራሷ፣ «ለመሆኑ አብረው ይተኙ ነበር?» ብላ ጠየቀች። በሩ ሥር ግን የሚሰማው የሚመጣ ሰው ኮቴ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ለምዳዋለች፤ የትዳሯን ዘመን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ኮቴ ስትጠብቅ ኖራለች።

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ማታ ወጥቶ ጠዋት ይገባል። እሷ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ ውላ ሲመሽ ትገባለች። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። በሩ ላይ ቆመው የምትባለዋን ይባባላሉ፤ የቤት ኪራዩ፣ የጉንፋኑ፣ ትናንት ያየችው ሕልም፣ ሁሉም እዚያችው መድረክ ላይ ያልቃል። ከዚያ እሱ ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ አራግፎ እሷ በተኛችበት ቦታ ይተኛል። «የኛ አልጋ እንደ ወንድምሽ ታክሲ ነው» ይላት ነበር። «አንዱ ሲወርድ አንዱ ይሳፈራል። ወንበሩ ቀዝቅዞ አያውቅም።»

ይህንን ቀልድ ለመኖሪያ ፈቃዱ ትዳራቸውን የመረመሩት የኢሚግሬሽን ሰዎች አልወደዱትም። በተለያየ ሰዓት የሚተኙ፣ በአንድ ገበታ ከሳምንት አንድ ቀን የሚገናኙ ባልና ሚስት አይተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ጋጋሪዎቹ መጡ። ተኝተው እንደተነሡ ዓይናቸው አብጧል። ዋናው ጋጋሪ፣ ምድጃ የሚያህል ሰው፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ። ሟቹ የወደቀው እሱ እጅ ላይ ነው፤ የጠዋቱን የመጨረሻ ዳቦ ካወጡ በኋላ «ደረቴን» አለና ቀረ።

«እትዬ» አለ ዋናው ጋጋሪ፣ «አንድ ነገር ከነከነኝ። በልጅ ነገር እናበሽቀው ነበር። ሊጡ ኩፍ ሳይል ሲዘገይ፣ አንተ ነካክተኸው ነው፤ እርሾ የሌለው ሰው፣ እንለዋለን። እሱም፣ አዎ እኔ ነኝ፣ ሚስቴ ምንም የለባትም፣ ይለንና ይስቃል። ቀልድ ነው እንጂ ማናችንም አምነነው አናውቅም። በልቡ ይዞብን ይሆን?»

«አልያዘባችሁም። እየሳቀ ነው የሚነግረኝ» አለችው።

እውነት ነው፤ እየሳቀ ነበር የሚነግራት። ሰውየው ድንበር ተሻግሮ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው፣ ግን ከሰው ጋር በሳቅ የሚዛመድ ሰው ነበር። ሐኪም ቤት የሄዱ ዕለት እንኳ ስቋል። ሐኪሟ ወረቀቶቹን አገላብጣ፣ «ሁለታችሁም ደህና ናችሁ፤ ጠብቁ» ብላ ሸኘቻቸው። ውጭ ሲወጡ የእሷ እንባ ቀደማት። እሱ ከሐኪም ቤቱ አጥር ጋር ተደግፎ፣ «ጠብቁ አለችን እንጂ የት ቆመን እንደምንጠብቅ አልነገረችንም» አለ። በእንባዋ መካከል አሳቃት። ልጁ አልመጣም። በዚህ ጉዳይም ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ምን ብለው ይነጋገሩ?

የባሏን ይግባኝ የያዘው ጠበቃ የመጣው ጋጋሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ለቅሶ ቤት መግባት አልለመደምና መጀመሪያ ባለሱቋን አጽናና።

«ይግባኙ የሚሰማው ነገ ጠዋት ነው» አላት በመጨረሻ። «ይግባኝ ባዩ ስለሞተ መዝገቡ ይዘጋል።»

«ሲዘጋስ?»

«የታችኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዳለ ይቀራል። ጋብቻው ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል የተደረገ የይስሙላ ጋብቻ ነው የሚለው።»

«እኔ ልናገር ብልስ?»

ጠበቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስቱ ነኝ፣ ክብሬ ተነክቷል፣ ብለሽ ብትቀርቢ ይሰሙሽ ይሆናል። ግን አሸናፊ የሚያደርግሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሁለታችሁ ቃል መገናኘት አለበት። የሱ ቃል መዝገብ ላይ ነው፤ አይለወጥም። ያንቺን ግን ተሳስቼ ነው ብለሽ ማቃናት ትችያለሽ።»

«ምን ልበል?»

«እሱ ያለውን። ልጅ ያልወለድነው ከሱ ነበር በይ።»

«ከማንም አልነበረም እኮ። ሐኪሟ ከማናችሁም አይደለም ብላናለች።»

«እሱን ካልሽማ» አለ ጠበቃው ግንባሩን እያሻሸ፣ «አንዳችሁ ዋሽታችኋል የነበረው፣ ሁለታችሁም ዋሽታችኋል ይሆናል።»

ታላቅ ወንድሟ፣ ባለታክሲው፣ ጥግ ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ ቆይቶ ተነሣ። «ተዪው! የሞተ ሰው ከአገር አያባርሩም። አንቺ ደግሞ ገና ነሽ። አላገባችም ብለው ከጻፉልሽ ምን ጎደለብሽ? ነገ ሌላ ትዳር ብትይዢ ንጹሕ ነሽ።»

«አንተ ወንድሜ ነህ ወይስ የነሱ ጸሐፊ?»

«ለራስሽ ብዬ ነው! ሐዘን ላይ ያለች ሴት ፍርድ ቤት ስትንከራተት ሰው ምን ይላል? እኔ አላደርስሽም።»

«አውቶቡስ አለ» አለች።

ወንድሟ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ወጣ። ባለሱቋ ሻዩን ቀየረችላት። የቀየረችው ሻይም በረደ።

የኢሚግሬሽኑን ምርመራ አስታወሰች። አንድ ኮሪደር፣ ሁለት ክፍል። እሱን በግራ አስገቡት፣ እሷን በቀኝ። የመጋረጃቸው ቀለም፣ የጥርስ ብሩሻቸው፣ እሱ የሚወደው ወጥ፣ እሷ የምትፈራው ነገር፤ ሁሉንም መለሰች። በመጨረሻ መርማሪው ቀና ብሎ ሳያይ፣ «ልጅ ያልወለዳችሁት በማን ምክንያት ነው?» አላት። ደሟ ፈላ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ባሏ ለዚህ ለማያውቀው ሰው መሳለቂያ ሲሆን ታያት። የባል ገበና አደባባይ አይወጣም። «ከእኔ ነው» አለች። «እሱ ምንም የለበትም።»

እሱ ምን እንዳለ የሰማችው በታችኛው ፍርድ ቤት ውሳኔው ሲነበብ ነው። ዳኛዋ እያነበበች እዚያ ጋ ስትደርስ፣ «ባል ነኝ ባይ፣ ችግሩ ከእኔ ነው፣ እሷ ምንም የለባትም ሲል፣ ሚስት ነኝ ባይ በበኩሏ ችግሩ ከእኔ ነው በማለቷ፣ በትዳር ዋና ጉዳይ ላይ የሰጡት ቃል አልተገናኘም» አለች። ባልና ሚስቱ ተያዩ። እሱ ዓይኑን አሸሸ፣ እንደ ተያዘ ሌባ። እሷ ሳቋ አመለጣት። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታች። ከዚያ ከአገር ይውጣ የሚለው ተነበበ። እሷ ግን ለጊዜው አልሰማችውም፤ እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም።

ጠበቃው በመጣ በማግሥቱ ጠዋት ጥቁሯን ለብሳ በአውቶቡስ ሄደች። ችሎቱ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ጋጋሪዎቹ ተደርድረዋል። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የመጡት፤ ጫማቸው ዱቄት ነው። ማንም አልጠራቸውም።

«ይግባኝ ባይ አለ?» አለ የችሎት ጸሐፊው፣ እንደ ሥርዓቱ።

ከዚያ እሷ ቆመች።

የመሐል ዳኛው ሽበታም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው። ጠበቃው ነገሩን አስረዳ፤ እሳቸውም ሰምተው ወደ እሷ ዞሩ። «አጭር ጥያቄ ነው የምጠይቅሽ። በታችኛው ፍርድ ቤት ቃላችሁ ያልተገናኘው በአንድ ነገር ነው። ልጅ ያልወለዳችሁት በማን ምክንያት ነበር?»

ጠበቃው አገጩን ወደ ታች ነቀነቀላት፤ በይ እንጂ እንደማለት። ከሱ ነበር፤ ይኸው ነው። ይህንን ካለች ሚስት ሆና ወደ ቤቷ ትገባለች። ጓዳ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ይዘጋሉ። ዞር ብላ የኋላውን ወንበር አየች። ዋናው ጋጋሪ ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ አፏን ያያል።

«ከእኔ ነው» አለች።

ጠበቃው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

«ይህ የቀድሞ ቃልሽ ነው» አሉ ዳኛው። «ከሟቹ ቃል ጋር እንደማይገናኝ ታውቂያለሽ? አንዳችሁ ዋሽታችኋል ማለት ነው።»

«ሁለታችንም ዋሽተናል ጌታዬ። ሐኪሟ ከማናችሁም አይደለም ብላናለች። እሱ እኔን እንዳይሉኝ ብሎ ተሸከመው፤ እኔም እሱን እንዳይሉት ብዬ። አንዳችን የሌላውን ቃል አላወቅንም። የይስሙላ ጋብቻ ቢሆን ኖሮማ ተማክረን፣ አጥንተን እንመጣ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዲያ ዛሬ የሱን ቃል ብትደግፊው ምን ነበረበት?» አሉ ዳኛው፣ ከዳኛ ይልቅ እንደ ሰው።

«እሱማ ሞቷል። መልስ መስጠት በማይችልበት ቀን እንዴት እሱ ላይ እጥላለሁ?»

ሦስቱ ዳኞች ጭንቅላት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ብዙ አልቆዩም። ሐሰት ነው ተብሎ የታመነ ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ የሕክምና ወረቀት በጊዜው አልቀረበም፤ ይግባኝ ባዩ በሞት ስለተለየ መዝገቡ ተዘግቷል። የመሐል ዳኛው ማኅደሩን ዘጉና፣ «ፍርድ ቤቱ በደረሰብሽ ሐዘን ማዘኑን ይገልጻል» አሉ።

«በየትኛው ሐዘኔ ጌታዬ?» አለች፤ ለመሳደብ አልነበረም፣ የምር መጠየቋ ነበር። «ባል አልነበረሽም ብላችሁኝ የለ?»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ መልሰው አደረጉትና፣ «ቀጣይ መዝገብ» አሉ።

ደጅ ላይ ዋናው ጋጋሪ መንገዷን ዘጋ። «ሥራ ስንጨርስ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አውርቶን አያውቅም፣ እትዬ። ሳትወጣ ልድረስባት እያለ ይሮጣል። ይህንን ቢጠይቁን እንመሰክር ነበር።»

«ማን ይጠይቃችኋል» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ቆማችኋል። ሂዱ ተኙ፤ ማታ ትገባላችሁ።»

«እናድርስሽ።»

«ተኙ አልኳችሁ።»

አውቶቡሱ ባዶ ነበር። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠችና ቦርሳዋን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አኖረች። ሲሄድ ሲሄድ ሞላ። አንዲት ዕቃ የያዘች ሴት መጥታ፣ «ሰው አለው?» አለቻት ወንበሩን እያየች።

«አለው።»

ሴትዮዋ ወዲያ ወዲህ አየች። ለወንበሩ የሚመጣ ሰው የለም። አጉረምርማ ወደ ኋላ አለፈች። ትኬት ቆራጩ ደረሰ። «እትዬ፣ ሰው ቆሟል። ቦርሳውን አንሺው እንጂ። የታለ ሰውየው?»

ጥቁር ልብሷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ሂሳቡን ሰጠችው።

«የሁለት ሰው ቁረጥልኝ» አለች።