የፌርናንድ አፍንጫ

አርሜል ያን ሰሞን ተረጋግታ ምሳ መብላት አቅቷት ነበር። ቁራሽ ዳቦዋን በእጇ እንደያዘች ትነሳና ከኮረብታው ጀርባ የሚጠቁረውን ደመና ደጅ ወጥታ ታያለች። ወይኑ ገና አልተለቀመም። የለቀማውን ቀን የሚቆርጠው አባቷ ፌርናንድ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ፍሬውን አሽትቶ፣ ዘሩን በጥርሱ ሰብሮ ቀኑን ሲናገር፣ የሚያመነታ ለቃሚ አልነበረም። ዘንድሮ ግን በየማለዳው ከእርሻው ይመለስና “ትንሽ ይቆይ” ይላል።

“አባዬ፣ ዝናብ ከመታው እኮ ይበሰብሳል።”

“እኔ ወይን ስለቅም አንቺ ጥርስ አላወጣሽም።”

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታቸው አናቶል አጥሩን ተደግፎ፣ “ምነው አርሜል፣ ዘንድሮ ዘቢብ ልትሸጡ ነው እንዴ?” አላት። ሳቀችለት፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

አባቷን ፍለጋ ወይን ጠጁ ወደሚቀመጥበት ምድር ቤት ወረደች። ደረጃውን ሳትጨርስ የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዋን ቆነጠጣት። አባቷ ከአንዱ በርሜል የቀዳውን ብርጭቆ እያሸተተ ነበር።

“እንዴት ነው?”

“ማለፊያ ነው። እንደ እናትሽ ነው፣ ቀስ እያለ ይገለጣል።”

ተቀብላው አሸተተችና መልሳ አስቀመጠችው። አባቷ ፊቷን አየ።

“ተበላሽቷል አይደል?” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“የካቲት ላይ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ። ቡናው አይሸተኝ፣ ጭሱ አይሸተኝ። ይመለሳል ብዬ ነበር።”

“ታዲያ አትነግረኝም?”

“ምን ብዬ? አፍንጫ የሌለው ወይን ጠማቂ ምን ይባላል?”

አርሜል ተናደደች፤ ሰባት ወር ሙሉ አታሏታል። ግን የማይሸተውን ብርጭቆ መልሶ ሲያሸትት ስታይ ንዴቷ የሚያርፍበት አጣ። ወጥታ ወደ ወይኑ ሄደች። ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ረድፍ እየተዘዋወረች ፍሬ ቀመሰች፣ ዘር ሰበረች። ገሚሱ በስሏል፣ ገሚሱ እንጃ። የሚጠየቅ ሰው የለም። በመጨረሻ ስልኳን አወጣችና ለቃሚዎቹን ለማግስቱ ጠራቻቸው።

ራት ላይ አባቷ፣ “ሁለት ቀን ይቀረው ነበር” አለ።

“በምን አወቅህ?”

“አላወቅሁም” አለና ሾርባውን ቀጠለ።

በሁለት ቀን ለቅመው ጨረሱ። ደመናው ግን አንዲት ጠብታ ሳይጥል አለፈ። ፀሐይ ሳምንቱን ሙሉ ወጣች፤ በእሷ እያሾፈ የራሱን ሳይለቅም የታገሠው አናቶል ማር የመሰለ ፍሬ ለቀመና ለመንደሩ ሁሉ አወራ።

የብርዱ ወራት አልፎ ወይን ጠጁ ሲቀመስ አባቷ ብርጭቆውን ለእሷ ሰጥቶ ጠበቃት።

“ንገሪኝ።”

“ቀጥኗል። ትንሽም ይጎመዝዛል። ቸኩያለሁ አባዬ።”

“የእኔ የመጀመሪያው ወይን ጠጅ ለሰላጣ ኮምጣጤም አልሆነም” አለ። “በይ፣ ቀጣዩን ቅጂና ሳትደብቂ ንገሪኝ።”

ቀዳች። ስለ እያንዳንዱ በርሜል እሷ ስትናገር እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ፣ እየጠየቀ፣ አንዳንዴም እየተከራከራት እስከ ቀትር ቆዩ።