የደበዘዙት ፊቶች

ናሁሰናይ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ ወደ የመን እንሻገራለን ብለው የጠፉ ሰዎችን በሚያፈላልግ ማኅበር ተቀጥሮ ይሠራል። ባሕር የተፋቸው ሟቾች ፎቶ ከጅቡቲ ጠረፍ ሲላክ፣ እሱ በሠራው ድረ ገጽ ላይ በትንንሹ ተደርድሮ ይወጣል፤ ቤተሰብ መጥቶ የራሱን ሰው ይፈልጋል።

አዴ ፋዱማ ልጇ ኻሊፍ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ወዲህ ከጀልዴሳ መንደር ትመላለሳለች። ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ታያለች።

«አቦ፣ ይሄ ሰው ነው ወይስ ድንጋይ?» አለች አንድ ቀን። «ሁሉም አንድ ነው እኮ፣ ወላሂ!»

«ትልቁን ልክፈትልሽ አዴ።»

ቢከፍተው ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ፤ ፎቶው ከግንባር በታች አልወርድ አለ።

«ተወው» አለች ነጠላዋን እየሰበሰበች። «እዚህ ከሌለ በሕይወት አለ ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ።»

ከሄደች በኋላ ነገሩ ከነከነውና የድረ ገጹን ኮድ ከፈተ። ፎቶዎቹ የሚቀመጡበት ሰርቨር እያንዳንዱን ፎቶ አንዴ ለስልክ እንዲመች ያሳንሰዋል፤ ትንሹን ምስል ደግሞ ከዋናው ሳይሆን ካነሰው ላይ ይሠራል። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ተብሎም ፋይሉ ከልክ በላይ ተጨምቋል። አፍንጫና ጉንጩ አንድ ላይ የቀለጠው ለዚህ ነበር። ስንቷ እናት የልጇን ፊት አልፋው ሄዳ ይሆን?

ትንሹ ምስል በቀጥታ ከዋናው ፎቶ እንዲሠራ አደረገ። መጭመቁን አላላ፤ ሲያንስ የሚደበዝዘውን የሚያጠራ የኮድ መስመር ጨመረ፤ የቆዩትንም ሰርቨሩ እንደ አዲስ እንዲሠራቸው አዘዘ። ፊቶቹ እየጠሩ መጡ፤ ቅንድቡ፣ ጠባሳው፣ የተሰነጠቀው ከንፈር።

ተሻለች የምትባለው የማኅበሩ ኃላፊ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆየች። «በጣም ጠርቷል» አለች በመጨረሻ። «እንግዲህ የሚመጣውን መቻል ነው።»

አዴ ፋዱማ በሳምንቱ ስትመጣ ብዙ አልፈለገችም። ጣቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆመ።

«ኻሊፍ» አለች፤ ደጅ ያለ ልጅ እንደምትጣራ።

ናሁሰናይ ከፎቶው ጋር የተላከውን መረጃ ከፈተ።

«የት ቀበሩት?»

«ጅቡቲ ጠረፍ፣ ኦቦክ አጠገብ ነው የሚለው፣ አዴ።»

«ባለፈው ስመጣም እዚሁ ነበር?»

«ነበረ። ደብዝዞብሽ ነው።»

ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችው። ከሻሹ ሥር ሆና «እስከ ዛሬ ጠዋት ሲመጣ የሚበላውን ሳስብ ነበር እኮ» አለች። «ዝጋው፣ ልጄ። አየሁት፤ ይበቃኛል።»

ዘጋው። ክንዷን ደግፎ ባጃጅ ድረስ ሸኛት። ሲመለስ ከቢዮ አዋሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

«አሁን ፊቱ ይለያል አሉኝ» አሉት።

ናሁሰናይ ወንበር ሳበላቸው።