በሉብና ስም የተከፈተው ካርድ

"ሉብና፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ የአበባውን ካርድ የከፈትሽው ለምንድን ነው?"

የደወሉት አቶ ማሩ ናቸው። ወልድያ ዋናው ክሊኒክ ተቀምጠው የሐራውንና የመርሳውን ቅርንጫፍ መዝገብ ይቆጣጠራሉ። የመርሳዋ መዝገብ ያዥ ሉብና ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

"የትኛው አበባው?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? የደም ምርመራ ውጤቱ ድረስ ተገብቷል። በሽተኛው ዛሬ ክሊኒክ አልመጣም። አንቺ ደግሞ መዝገቡን ስታስከፍቺ ምክንያት ብለሽ የጻፍሽው የሕፃናት ክትባት ነው። ሰውየው ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሉብና!"

ሉብና ሰዓቱን አሰላች። በስድስት ሰዓት ከአርባ እሷ መስጊድ ነበረች።

"እስከ አሥር ሰዓት ማብራሪያ ጽፈሽ ላኪልኝ። የካርድ ቁጥር ተሳስተሽ ከሆነ ተሳስቻለሁ በይ፤ አንድ ጊዜ ይታለፋል። ሌላ ነገር ካለበት ግን የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ አሥር ቀን እንደቀረው አትርሺ።"

ስልኩ ተዘጋ። ግራና ከተማ ያሉት እናቷ ልጄ መንግሥት ሆነች ብለው ለአገሩ ሁሉ ያወሩላት ሥራ ይኸው ነው፤ በአሥር ቀን ጨርሳ ልትይዘው ስትል ሊያመልጣት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። መላው ክሊኒክ በአንድ የይለፍ ቃል ነበር የሚሠራው፤ እሱም ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ተጽፎ ዘበኛው ሳይቀር ያውቀው ነበር። የአንዲት ሴት ምስጢር ወጥቶ ገበያ ላይ ከተወራ በኋላ ግን መዝገቡ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ ሄደና አዲሱ አሠራር መጣ። አዲሱ አሠራር እንደ ክፉ አማት ነው፤ ማን ነሽ፣ ለምን መጣሽ፣ መቼ ትሄጃለሽ ይላል። ስምሽንና ምክንያትሽን ትጽፊያለሽ፣ ስልክሽ ላይ የማለፊያ ቁጥር ይላክልሻል፣ ለአንድ ሰዓት ይከፈትልሻል። ሰዓቱ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። በዚያች ሰዓት የተነካ ሁሉ በስምሽ ይመዘገባል።

አሠራሩ ያላወቀው አንድ ነገር ግን ነበር። ሉብና የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ልትሰግድ ስትወጣ ከፊት ለፊቷ ክፍል የምትሠራው አዋላጅ፣ ሲስተር ወይንሸት፣ መጥታ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። በየወሩ ለማርያም ሲስተር ቤተ ክርስቲያን ስታረፍድ ደግሞ ሉብና የእሷን በሽተኞች ትቀበላለች። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የኖሩት። የተከፈተችው ሰዓት እንዳትባክን ሉብና ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ፣ ስልኳንም ቦርሳዋንም ጠረጴዛው ላይ ትታ ነበር የምትሄደው። ሲስተርም "እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል?" ትል ነበር።

ተነሥታ የማዋለጃውን በር አንኳኳች።

"ሲስተር፣ ወልድያ ደውለውልኝ ነበር። በሶላት ሰዓት አበባው የተባለ ሰው ካርድ ተከፍቷል። ቁጥር ተሳስተሽ ከሆነ ይታለፋል ብለውኛል።"

ሲስተር ወይንሸት የምታጥበውን እጇን ውሃው ስር እንደያዘች ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመት ያዋለደ እጅ ነው። ሉብናንም ከእናቷ ሆድ የተቀበላት እሱ ነው።

"ያውቃሉ እንዴ?" አለች ቀስ ብላ።

"ሁሉን ያውቃሉ። የማያውቁት እርስዎ መሆንዎን ብቻ ነው።"

"ሉብናዬ፣ ይኸው አበባው ልጄን እየሩሳሌምን ለማግባት ሽማግሌ ልኳል። እሑድ መልስ እንሰጣለን። ልጄን ለማላውቀው ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ልስጣት? ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ከፊቴ ተቀምጧል። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እጄን መመለስ አቃተኝ።" ፎጣውን አነሣች። "አየሁት እኮ፣ ልጁ..."

"አይንገሩኝ!" ሉብና ጆሮዋን ያዘች። "ወላሂ፣ መስማት አልፈልግም።"

"አብሽሪ፣ ምን አስጨነቀሽ? ቁጥር ተሳሳትኩ በይና ይለፍ። እነሱም ያሉሽ ይኼንኑ አይደል?"

"ነው።"

"ታዲያ ማን ይጎዳል?"

ሉብና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እንባዋ መጥቷል። ሲስተርን ትወዳታለች፤ ብትወዳት ነው የተናደደችባት።

ለከሰዓቱ የክትባት ካርዶች እንደገና በስሟ አስከፈተች። ስልኳ ላይ ቁጥሩ መጣ፣ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ሕፃናት መዘገበች፤ የአንዱን ክብደት ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። የሕፃኑ እናት "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?" አለቻት።

እናትየው ስትወጣ የማብራሪያውን ቅጽ ከፈተች። "ቁጥር ተሳስቼ" ብላ ጻፈች። እነዚህ ሁለት ቃላት ደመወዟንም፣ ሲስተርንም ያተርፋሉ። ግን እሑድ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ቢመለሱስ? አበባው ገመናዬን ማን አየብኝ ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው የማንን ስም ነው? የሉብናን። አይታው በማታውቀው ሰው ዘንድ እሷ ምስጢር አውጪ ሆና ልትቀር ነው።

አጠፋችውና እንደገና ጻፈች። "ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ሶላት ላይ ነበርኩ። ኮምፒውተሩን በስሜ እንደተከፈተ ትቼ መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው። ካርዱን ግን አልከፈትኩም።"

ሲስተር ወይንሸት ከኋላዋ ቆማ እያነበበች ነበር።

"ታዲያ ማን ከፈተው ቢሉሽስ?"

"አይቀርም፣ ይሉኛል።" ሉብና ዞራ አላየቻትም። "ሲጠይቁኝ አልዋሽም፣ ሲስተር። ከእኔ ከሚሰሙት ግን እርስዎ ቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል። የአቶ ማሩን ስልክ ያውቁታል።"

"ከሥራ ያስወጡኛል።"

"እኔንም ሊያስወጡኝ ይችላሉ።"

ማብራሪያውን ላከችው። ጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። ወዲያው የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። የተከፈተው ሰዓት ሊያልቅ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል፤ በረንዳው ላይም ሦስት እናቶች ተራ ይጠብቃሉ።

ሲስተር እንደ ልማዷ ወንበሩን ለመያዝ አንድ እርምጃ ቀረበችና ቆመች። "ልጠብቅልሽ ወይስ...?" አለች።

ሉብና መዝገቡን ዘጋችው። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ እንደገና ስም ጠየቀ።

"ቦርሳዬን ይጠብቁልኝ" አለችና ስልኳን ይዛ ወጣች።